በሃይድሮጅንና በሂሊየም መካከል

ጌጡ ታፔላ ጽፎ ሲጨርስ ከመሰላሉ አይወርድም ነበር። ብሩሹን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ይጠብቃል። ከመንገዱ ማዶ ሚስቱ ሰምሀል ቆማለች። ቀኝ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ፀሐዩን ትከልልና የጻፈውን ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው፣ አላፊ አግዳሚው እየሰማ፣ ጮክ ብላ ታነባለች። «ልብስ ስፌት። የወንድና የሴት። እናጠብባለን፣ እናሰፋለን።» አንዱ ፊደል ከጎረቤቱ ከተጣበቀ ትናገራለች። መስመሩ ወደ ቀኝ ከዘመመም ትናገራለች። የምትነቅፈው ስታጣ ደግሞ «በቃ ውረድ!» ትለዋለች። ያኔ ይወርዳል።

ቀጨኔ ውስጥ ይህን የማያውቅ ባለሱቅ አልነበረም። «የሚጽፈው ጌጡ፣ የምታስረክበው ሰምሀል» እያሉ ያሾፉበት ነበር። እሱ አይከፋውም። መሰላል ላይ የቆመ ሰው የሚታየው አፍንጫው ሥር ያለው ፊደል ብቻ ነው፤ ጠቅላላውን የሚያየው ማዶ ያለው ነው። ሰምሀል ደግሞ ዓይኗ አይምርም። አንድ ጊዜ የሥጋ ቤት ታፔላ ከተሰቀለ በኋላ «በሬው ሰው ይመስላል» ብላ አስወርዳ አስደግማዋለች።

አምና በጥቅምት ሰምሀል ኩላሊቷን ታማ ሞተች። አርባዋ ከወጣ በኋላ ጌጡ መስኮቱ ሥር የነበረውን ወንበሯን አንስቶ ጓዳ አስገባና ቁም ሣጥኑን በቦታው ገፋው። ቁም ሣጥኑ የመስኮቱን ግማሽ ጋረደው። ቤቱ ጨለማ ሆነ፤ ቢሆንም ባዶውን ቦታ ከማየት ጨለማውን መረጠ።

ሥራውም እየሳሳ ነበር። ባለሱቁ ሁሉ አሁን ባነር ያሳትማል፤ ጠዋት ያዝዛል፣ ከሰዓት ይሰቅላል። ለእጅ ጽሑፍ የሚጠሩት የሚያውቁትና የሚያዝኑለት ሰዎች ብቻ ሆኑ። እነሱ የሰጡትንም ይጽፍና ማንም ሳያነብለት ይወርዳል።

በጥር መጨረሻ፣ ተማሪ ለመንፈቅ ዓመቱ እረፍት ሲበተን፣ ከቁስቋም በታች ካለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተጠራ። ርእሰ መምህሯ ወይዘሮ ዓለምነሽ አዲሱን ሕንፃ ከሜዳው በኩል አሳየችው። ግድግዳው ሰፊ ነው፤ ልስኑ ደርቋል።

«አቶ ጌጡ፣ ባዶውን ከሚቆም ልጆቹ ሲወጡ ሲገቡ የሚያዩት ነገር ይሁንበት። ፔሪዮዲክ ቴብል እንዲሆን ነው ያሰብነው።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ዓለም የተሠራባቸው ንጥረ ነገሮች በሙሉ በየሣጥናቸው የተደረደሩበት ሠንጠረዥ። ኦክስጅን አለ፣ ብረት አለ፣ ወርቅ አለ፣ ሁሉም አለ።»

የዘጠነኛ ክፍል መጽሐፍ ሰጠችው፤ ሠንጠረዡ መጨረሻው ገጽ ላይ ነበር። ሥራውን መከታተል የነበረበት የኬሚስትሪ መምህሩ ሙዘይን ነው። እሱ ግን እህቱን ሊድር ወራቤ ወርዶ ነበር። ስለዚህ ጌጡ መጽሐፉን ይዞ ብቻውን ጀመረ።

ሣጥን መሥራት ይወዳል። ክሩን ወጥሮ፣ በጠመኔ መስመር ጥሎ፣ በየሣጥኑ ቁጥሩን፣ ምልክቱንና ስሙን ሲያሰፍር ጊዜው ይሄድለታል። በገጹ ላይ አንድ ያልጣመው ነገር ነበር። የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ሁለት ሣጥን ብቻ አለ፤ አንደኛው ሃይድሮጅን ግራ ጫፍ፣ ሁለተኛው ሂሊየም ቀኝ ጫፍ። በመካከላቸው ሌላ ሣጥን የለም። ሁለተኛውና ሦስተኛው ረድፍም ግራ ላይ ሁለት ሁለት ሣጥን ይዘው ይቋረጡና፣ ሜዳ የሚያህል ክፍተት ተሻግረው ቀኝ ጥግ ላይ ስድስት ስድስት ሆነው ይቀጥላሉ። ከአራተኛው ረድፍ ጀምሮ ግን ሣጥኖቹ ከዳር እስከ ዳር ሞልተዋል።

ጌጡ እንዲህ ያለ ክፍተት የሚፈራበት ምክንያት ነበረው። በወጣትነቱ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ግድግዳ ላይ ፊደል ሲጽፍ አንዲት ሣጥን ሳይሞላ ረስቶ ሄዷል። ሰምሀል ያን ቀን ገበያ ወጥታ አላነበበችለትም። ሰፈሩ ለዓመታት «ጌጡ አንዷን ፊደል ኪሱ ከቶ ሄደ» ሲለው ኖረ። ከዚያ ወዲህ ሠንጠረዥ ላይ ባዶ ሣጥን ሲያይ የረሳ ሰው ይታየዋል። አሁንም ገጹን ያሳተሙት ሰዎች ቦታ ለመሙላት ብለው ሣጥኖቹን የበታተኗቸው መሰለው። ቁጥሩም ቢሆን አራት ብሎ አምስት ነው፤ አራትና አምስትን ምን ያራርቃቸዋል? ስለዚህ ወደ ግራ ሰበሰባቸው። ሂሊየምን ከሃይድሮጅን ጎን አስቀመጠው። ቦሮንን ከቤሪሊየም፣ አሉሚኒየምን ከማግኒዥየም አስጠጋ። እያንዳንዱ ረድፍ ከግራ ጀምሮ ሳይቋረጥ የሚሄድ ሆነ።

ቀኝ በኩል፣ ላይኛው ጥግ ባዶ ቀረ። እሱንም አልተወውም። የእንጦጦን ተዳፋት ሣለ፣ ባሕር ዛፍ ሣለ፣ በተዳፋቱ የሚወርድ መንገድ ሣለ። ከመንገዱ ማዶ ነጠላ የለበሰች፣ ቀኝ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ወደ ግድግዳው ጽሑፍ የምትመለከት ሴት አቆመ። ፊቷ ከመዳፍ አይበልጥም። ማን እንደሆነች ለማንም አልተናገረም። ሣጥኖቹን ሁሉ ጨርሶ ብሩሹን በጨርቅ ከጠቀለለ በኋላ ግን መሰላሉ ላይ ትንሽ ቆየ።

ወይዘሮ ዓለምነሽ ሥራውን አይታ በጣም ደስ አላት። የጥበቃው ሠራተኛ ደቻሳም «አሁን ትምህርት ቤት መሰለ» አለ።

ትምህርት ሲከፈት ሙዘይን ተመለሰ። ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ልጅ ነው። ቀመር ውስጥ ከሥር የምትጻፈውን ትንሽ ቁጥር ከፍ አድርጎ የጻፈ ተማሪ ሙሉ ነጥብ አያገኝበትም። ግድግዳውን ሲገባና ሲወጣ ከሩቅ አይቶ ቀለሙን አድንቋል፤ ቀርቦ ግን አላነበበውም።

በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ የክፍል ሥራ ሰጠ። ከሁለተኛው ቤተሰብ አባላት አንዱን መርጣችሁ ከክሎሪን ጋር ሲዋሐድ የሚኖረውን ቀመር ጻፉ አላቸው። ወረቀቱን ሰብስቦ ሲያይ ቀይ እስክሪብቶው አየር ላይ ቀረ።

«ሂሊየም ክሎራይድ?» አለ አንዱን ወረቀት ከፍ አድርጎ። «ኢዮሲያስ! ይሄን ከየት አመጣኸው?»

«ከግድግዳው ነዋ፣ ቲቸር።»

«ከየቱ ግድግዳ?»

«ከውጭው። ሂሊየም፣ ቤሪሊየም፣ ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፤ ወደ ታች ነው የተደረደሩት። ወደ ታች የተደረደሩ አንድ ቤተሰብ ናቸው፣ ጠባያቸውም አንድ ነው ያሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ከግድግዳ ኮርጆ ተያዘ!» አለች ሀሌሉያ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ሙዘይን ግን አልሳቀም፤ የተቀሩትን ወረቀቶች አገላበጠ። ግማሹ ክፍል ሂሊየምን ከክሎሪን ጋር ድሮታል።

እስክሪብቶውን እንደያዘ ወደ ሜዳው ወጣና ግድግዳውን ከላይ ወደ ታች አነበበው። ሂሊየም፣ ከማንም ጋር የማይዋሐደው ጋዝ፣ ከማግኒዥየም በላይ ተቀምጧል። ኒዮን ደግሞ ከብረት በላይ ነው። ተከትለውት የወጡት ተማሪዎች ከጀርባው ይንሾካሾካሉ።

«ኒዮን ይዝጋል ማለት ነው?»

«ዝም በል፣ ቲቸር ታሟል።»

ጌጡ ማክሰኞ ሲጠራ በሩ ላይ ደቻሳ ተቀበለው። «አንተ ጌጡ፣ ምን አድርገሃቸው ነው? ልጆቹ ከትናንት ጀምሮ ግድግዳህ ሥር ቆመው ይስቃሉ።»

«ምን ብለው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ጋዙን ለብረት ድሮታል ይላሉ።»

ቢሮ ውስጥ ወይዘሮ ዓለምነሽ አዝና፣ ሙዘይን ተቆጥቶ ጠበቁት። ቅዳሜ የወላጆች ቀን ነው። በዚያ ግድግዳ ፊት ድንኳን ይተከላል፣ እንግዳ ይቀመጣል። ርእሰ መምህሯ መፍትሔውን ጨርሳለች፤ ግድግዳው ኖራ ይቀባል፣ በላዩ የታተመ ባነር ይሰቀላል።

«ባነሩን ዛሬ ካዘዝን ለነገ ይደርሳል ብለውኛል» አለች። «አይዘኑብኝ፣ አቶ ጌጡ።»

ጌጡ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ኖራ ሲባል ያሰበው ሣጥኖቹን አልነበረም፤ ጥግ ላይ ያለችውን ሴት ነው። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «ያጠፋሁትን እኔው ላቃናው። እስከ ዓርብ ድረስ ይስጡኝ።»

«ሊያቃኑ የሚችሉት ስህተቱ ምን እንደሆነ ሲያውቁ ነው» አለ ሙዘይን።

«አንተ ትነግረኛለሃ።»

ሙዘይን ርእሰ መምህሯን አየ፤ እሷ እሱን አየች። በመጨረሻ እንዲህ ተስማሙ። ዓርብ ከሰዓት ተማሪዎቹ ከሜዳው ማዶ ቆመው ግድግዳውን ያነባሉ። አንድ ሣጥን ስህተት ከተገኘበት ባነሩ ይታዘዛል፤ ማተሚያ ቤቱ ቅዳሜ ማለዳ ሊያደርስ ቃል ገብቷል።

ጌጡና ሙዘይን ግድግዳው ፊት ቆሙ።

«ጋሽ ጌጡ፣ ለምንድን ነው የሰበሰቧቸው?»

«የተረሳ መስሎኝ ነው። ባዶ ነበር።»

ሙዘይን ቁጣው ትንሽ በረደ። ይህን መልስ አልጠበቀም። «ታክሲ ጋቢና ስንት ሰው ይቀመጣል?» ሲል ጠየቀ።

«ከሾፌሩ ሌላ? ሁለት።»

«ሦስተኛ ቢመጣስ?»

«ወያላው ወደ ኋላ ይለዋል።»

«አቶምም እንደዚያ ነው። መሐል አስኳል አለ፤ ኤሌክትሮኖች በዙሪያው ወንበር ወንበር ይዘው ይቀመጣሉ። የመጀመሪያው ወንበር፣ ጋቢናው በሉት፣ ከሁለት በላይ አይዝም። ሃይድሮጅን አንድ አለው። ሂሊየም ሁለት አለው፤ ጋቢና ሞላ። ሊቲየም ሦስት ስላለው ሦስተኛው ወደ ኋላ ሄደ። የኋላው ወንበር ስምንት ይይዛል። ቤሪሊየም ኋላ ላይ ሁለት አለው።»

«እኮ! ሂሊየምም ሁለት፣ ቤሪሊየምም ሁለት። እኔም አንድ ላይ አደረግኋቸው።»

«ሂሊየም ግን ሁለት ይዞ ሞልቷል። በሩን ዘግቶ ሄዷል፤ አይጭንም፣ አያወርድም። ቤሪሊየም ስምንት በሚይዝ ወንበር ላይ ሁለት ሰው የያዘ ታክሲ ነው። ሁለት ሰው የያዘ ወያላ ምን ያደርጋል?»

«ለሌላ ታክሲ ያስተላልፋቸዋላ። በሁለት ሰው ማን ይሄዳል?»

«በቃ! ማግኒዥየምም ሁለቱን ያስተላልፋል፤ ካልሲየምም እንዲሁ። ክሎሪን ደግሞ ሰባት ይዞ አንድ የጎደለው ነው። ከማግኒዥየም ለሚወርዱት ለሁለቱ ሁለት ክሎሪን ያስፈልጋል። ቀመሩ ከዚያ ነው የሚወጣው፤ አንድ ማግኒዥየም፣ ሁለት ክሎሪን። ወደ ታች የተደረደሩት የመጨረሻው ወንበራቸው አንድ ዓይነት የሆኑት ናቸው። የሞሉት ሁሉ ቀኝ ዳር ላይ፤ ሂሊየም፣ ኒዮን፣ አርጎን።»

ጌጡ ግድግዳውን ከግራ ወደ ቀኝ አየ። «ክፍተቱስ?»

ሙዘይን አራተኛውን ረድፍ በጣቱ አሳየ። «ከስካንዲየም እስከ ዚንክ ያሉት እነዚህ አሥሩ፣ ላይኛዎቹ ረድፎች ገና ያልከፈቱት ተጨማሪ ወንበር አላቸው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ረድፍ ላይ አቻ የላቸውም። ስለዚህ ከበላያቸው ማንም አይቀመጥም። ያ ባዶ ቦታ ከተዘጋ በቀኙ ያለው ሁሉ ከቤተሰቡ ይለያል።»

«ቦሮን ወዴት ይሄዳል ታዲያ?»

«እዚያ» አለ ሙዘይን። ጣቱ እንጦጦ ተዳፋት ላይ አረፈ። «ቦሮን ዛፉ ላይ። ካርቦን መንገዱ ላይ። ናይትሮጅን ሴትየዋ ላይ። ሥዕሉ ያምራል፤ ግን መነሣቱ የግድ ነው።»

ጌጡ የተከራከረው ከኖራው አተርፋታለሁ ብሎ ነበር።

ረቡዕ ከግራው ጀመረ። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገ፣ ቶሎ የሚደርቅ ነጭ ቀለም ደረበ። ሂሊየምን አጠፋው። ከቦሮን እስከ ኒዮን ያለውን አጠፋው። ወደ ሦስተኛው ረድፍ ወርዶ ክሎሪን ላይ ሲደርስ ሙዘይን ያንኑ የታክሲ ምሳሌ ለተማሪዎቹ አስተምሮ፣ ከክፍል ወጥቶ አጠገቡ ቆሟል።

«ይህን የእርስዎን አቀማመጥ ሳየው አንድ ነገር ትዝ አለኝ» አለ። «መጀመሪያ ሠንጠረዡን ያወጡት ሰዎችም ማንጋኒዝን ከክሎሪን ጋር ነበር ያስቀመጡት። ክሮምን ከሰልፈር ጋር። ልክ እንደ እርስዎ።»

ጌጡ ብሩሹን አወረደ። «ታዲያ ለምን ታስጠፋኛለህ?»

«እነሱም በኋላ አጥፍተውት ነዋ!»

ጌጡ ሳቀ። ሳቁ ለራሱም አዲስ ሆነበት።

ሐሙስ ጠዋት ሙዘይን አንድ ነገር ጨመረ። ለመጀመሪያዎቹ ሃያ ንጥረ ነገሮች በየሣጥኑ ጥግ የአቶሙን ስፋት የሚያሳይ ክብ ይሣል አለ። የቀኞቹ ሣጥኖች ገና ስላልተሣሉ ጌጡ መጀመሪያ መሬት ላይ በጠመኔ ሞከረው። ሊቲየምን ትንሽ፣ ኒዮንን ትልቅ አደረገ።

«ተገለበጠ» አለ ሙዘይን። «ትልቁ ሊቲየም ነው። ወደ ቀኝ በሄዱ ቁጥር ያንሳል።»

«ኧረ በመድኃኔ ዓለም! ሊቲየም ሦስት ሰው ይዞ፣ ኒዮን ዐሥር ይዞ? ብዙ የያዘ እንዴት ያንሳል?»

«ወንበር አልተጨመረማ። እዚያው ወንበር ላይ ነው የሚጠጋጉት። መሐል ያለው አስኳል ግን በያንዳንዱ ሣጥን ጉልበት ይጨምራል፤ ሁሉንም ወደ ራሱ ይስባል።»

ጌጡ ኪሱ ውስጥ ያለውን ክር በጣቱ ዳሰሰ። «እንደ መጋረጃ» አለ። «ክሩን ጠበቅ አድርገህ ስትስበው ጨርቁ ይሰበሰባል።»

«እንደሱ።»

«ወደ ታችስ?»

«ወደ ታች በየረድፉ አንድ ወንበር ይጨመራል። ሶዲየም ከሊቲየም ይሰፋል፤ ፖታሲየም ከሶዲየም ይሰፋል።»

ጌጡ የጠመኔውን ክቦች በጫማው አጥፍቶ ደግሞ ሣላቸው። አሁን ልክ ሆኑ። ግራው ሁሉ አለቀ። ክፍተቱ ተከፈተ፤ ነጭና ሰፊ ሆኖ በግድግዳው መካከል ታየ። የቀረው የቀኙ ጥግ ነው።

«ለምን አይጀምሩትም?» አለ ሙዘይን።

«የግራው ይድረቅ ብዬ ነው።»

ቀለሙ ከደረቀ ቆይቷል። ሙዘይን ለመመርመር ወደኋላ እየራቀ እስከ ሜዳው መካከል ሄደ። ከዚያ ቆሞ ግድግዳውን ሲያይ ዓይኑ ሴትየዋ ላይ ቀረ። ሲመለስ እርምጃው ዘገየ።

«ጋሽ ጌጡ፣ ቀጨኔ ላይ የአባቴን ሱቅ ታፔላ የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«አባትህ ማን ነው?»

«ሱቁ በኔ ስም ነበር። ሙዘይን ሸቀጣ ሸቀጥ።»

«አረንጓዴ መደብ፣ ቢጫ ፊደል» አለ ጌጡ ወዲያው።

«አንዲት ሴትዮ ማዶ ቆመው፣ እንዲህ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ጮክ ብለው አነበቡት። ገና ትምህርት ቤት አልገባሁም ነበር። ስሜ መንገድ ላይ ሲነበብ ሰምቼ ሮጬ ወጣሁ። ‹ሙን አስፋው፣ ልጁ አይታነቅ!› አሉ።» ሙዘይን ወደ ሥዕሉ ዞረ። «እሳቸው ናቸው አይደል?»

«ሰምሀል። ባለቤቴ ነበረች። አምና ነው ያረፈችው።»

«ፈጣሪ ያጽናዎት። አላወቅሁም።»

ሙዘይን ጠመኔውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ሊል የፈለገውን ሊል እንደማይችል ያውቃል። «ናይትሮጅንን...» ብሎ ጀመረና አቆመ። «ናይትሮጅንን ሌላ ቦታ ላስቀምጠው አልችልም፣ ጋሽ ጌጡ።»

«እሷስ መች ትፈቅድልሃለች?» አለ ጌጡ። «ስለ እሷ ተብሎ አንድ ሣጥን ቢሳሳት ከመቃብር ተነሥታ ታስደግመኛለች።»

መሰላሉን ወደ ቀኝ አዛወረ። መጀመሪያ ዛፎቹን ሸፈነ። ከዚያ መንገዱን። ሰምሀልን ከእግሯ ጀምሮ ወደ ላይ ሸፈናት። ግንባሯ ላይ ያለውን እጅ ለመጨረሻ አስቀረው። ሙዘይን ክፍል ነበረው፤ ደወል ተደውሏል፤ እሱ ግን እስኪያልቅ ድረስ መሰላሉን ይዞ ቆመ።

ነጩ እስኪደርቅ ድረስ ጌጡ መጽሐፉን ገለጠ። አሁን ገጹን የሚያየው በሌላ ዓይን ነው። ክፍተቱ ላይ በትናንሽ ፊደል የተጻፈ ነገር እንዳለ አስተዋለ፤ ያኔ ሣጥኖቹን ሲሰበስብ ልብ ሳይለው አልፎት ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?» ሲል ሙዘይንን ከክፍል ሲወጣ ጠየቀው።

«የሣጥን አነባበብ ነው። አንድ ሣጥን አጉልቶ ቁጥሩ የቱ እንደሆነ፣ ምልክቱ የቱ፣ ስሙ የቱ እንደሆነ ያሳያል። ንጥረ ነገር ስለማይቀመጥበት መመሪያውን እዚያ ነው የሚያደርጉት።»

«እኔም ላድርገው?»

«ያድርጉት። ቢኖር ጥሩ ነው።»

«አነባበቡን የሚያሳይ ሰው ቢኖርበትስ?»

ሙዘይን ጥያቄውን እንደ ፈተና ወረቀት መረመረው። ሥዕሉ ሣጥን አይነካም። ማንንም ከቤተሰቡ አያለያይም። «ምንም አይከለክለውም» አለ። ቆየት ብሎም «ረድፎቹን ግን እንዳያልፉ» ሲል አከለ።

ያን ዕለት ከሰዓት የቀኞቹ ሣጥኖች ሁሉ ቦታቸውን ያዙ። ጌጡ ቤቱ እንደገባ ቁም ሣጥኑን እየገፋ ወደ ድሮው ቦታው መለሰው። ወንበሯን ከጓዳ አወጣና አቧራውን ጠርጎ መስኮቱ ሥር አስቀመጠው። ገና ብርሃን ነበር።

ዓርብ ማለዳ ክፍተቱ ላይ ሠራ። አንድ ትልቅ የሶዲየም ሣጥን አደረገና በየመስመሩ «ቁጥሩ»፣ «ምልክቱ»፣ «ስሙ» ብሎ ጻፈበት። ከሣጥኑ ወዲህ፣ አሥሩ ሣጥኖች ራስ ላይ፣ ሰምሀልን አቆማት። ነጠላዋ ያው ነው፣ እጇም ግንባሯ ላይ ነው። ያኔ ጥግ ላይ ሆና ትመለከት የነበረው በስህተት የተደረደረውን ነው። አሁን ሣጥኑን ቀርባ ታነባለች።

ከሰዓት በኋላ ዘጠነኛ ክፍል በሙሉ ሜዳው ማዶ ተሰለፈ። ወይዘሮ ዓለምነሽ ስልኳን በእጇ ይዛ ጥላ ሥር ቆማለች፤ ማተሚያ ቤቱ መልስ እየጠበቀ ነው። ደቻሳ በሩን ከፍቶ ትቶት መጥቷል። ጌጡ መሰላሉ ላይ ነው። የመጨረሻዋን መስመር አስምሮ ብሩሹን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ቆሟል። ደቻሳ «አንተ፣ ውረድና አብረኸን እይ እንጂ!» ቢለው አልዞረም።

«ወደ ታች ነው የምናነበው» አለ ሙዘይን። «ስሙን አይደለም፣ ቀመሩን። ልክ ካልሆነ ቀመሩ ይናገራል። የመጀመሪያው ቤተሰብ ከክሎሪን ጋር፤ ሀሌሉያ!»

«ሊቲየም፣ አንድ ክሎሪን። ሶዲየም፣ አንድ ክሎሪን። ፖታሲየም፣ አንድ ክሎሪን።»

«ሁለተኛው!»

«ቤሪሊየም ሁለት ክሎሪን፣ ማግኒዥየም ሁለት፣ ካልሲየም ሁለት» አለ ሌላው። «ከቤሪሊየም በላይ ማንም የለም፣ ቲቸር።»

«መኖርም የለበትም። ተሻገሩ። አሥራ ሦስተኛው!»

ድምፅ በድምፅ እየተቀባበሉ ሄዱ። ቦሮንና አሉሚኒየም ሦስት ሦስት ክሎሪን ያዙ። ካርቦንና ሲሊከን አራት አራት ሃይድሮጅን ያዙ። ናይትሮጅን ሲባል ጌጡ መሰላሉን ጠበቅ አድርጎ ጨበጠ። «ናይትሮጅን ሦስት ሃይድሮጅን፣ ፎስፈረስ ሦስት» አለች አንዷ፣ ሳትሰናከል። ኦክስጅን ሁለት ሃይድሮጅን ይዞ ውሃ ሆነ፤ ሰልፈርም እንደሱ ሁለት ያዘ። ክሎሪን ከፍሎሪን ሥር ቦታውን ይዟል፤ ሁለቱም አንድ አንድ ሃይድሮጅን አገኙ።

«የመጨረሻው ቤተሰብ» አለ ሙዘይን። «ኢዮሲያስ፣ ይሄ ያንተ ነው።»

ሳቅ ተሰማ። ኢዮሲያስ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሂሊየም፣ ብቻውን። ኒዮን፣ ብቻውን። አርጎን፣ ብቻውን። ጋቢና ሞልቷል፤ ሂድ ሳበው!»

ሳቁ ሜዳውን ሞላው። ሙዘይንም ሳቀ። ከዚያ ሁሉም መምህሩን አዩ። ሙዘይን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ደግሞ አነበበ። ክቦቹን አየ፤ ወደ ቀኝ ያንሳሉ፣ ወደ ታች ይሰፋሉ። ወደ ወይዘሮ ዓለምነሽ ዞሮ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። እሷም ስልኳን ጆሮዋ ላይ አደረገች። «ሃሎ? ስለ ባነሩ ነው... አይ፣ አንፈልግም። በእጅ ተሠርቷል።» ስልኩን ዘጋችና «የባዮሎጂው ክፍል ግድግዳም ባዶ ነው» አለች ለማንም ሳይሆን።

ጌጡ ይህን ሰምቷል። ግን አሁንም መሰላሉ ላይ ነው፤ ፊቱ ወደ ግድግዳው፣ ጆሮው ወደ ሜዳው። ደቻሳ «ምን ሆነ ይሄ ሰውዬ?» ሲል አጉረመረመ። ሙዘይን ነገሩ ገባው፤ አፉን ሊከፍት ሲል ሀሌሉያ ቀደመችው። ፀሐዩ ዓይኗን ስለወጋት እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋለች።

«ጋሼ፣ ሁሉም ልክ ነው!» ስትል ጮኸች። «በቃ ይውረዱ!»

ጌጡ ወረደ።